ሕግ የከለከለው ስም፦ የማክግሬጎር ዘር ከየት ተነሣ፣ ወዴትስ ተበተነ?



ኤፕሪል 3 ቀን 1603 ኤድንብራ ላይ የተሰበሰበው የስኮትላንዱ ንጉሥ የጀምስ 6ኛ ምክር ቤት ለየት ያለ ድንጋጌ አወጣ። ወንጀለኛን መስቀል፣ መሬት መውረስ፣ ቤት ማቃጠል ለዘመኑ እንግዳ አልነበረም። በዚያ ቀን የተፈረደበት ግን ስም ነው። ግሬጎር ወይም ማክግሬጎር ተብሎ የሚጠራ ሁሉ ስሙን እርግፍ አድርጎ ትቶ ሌላ ስም እንዲይዝ፣ እምቢ ያለ በሞት እንዲቀጣ ታዘዘ። ንጉሡ ጥድፊያ ላይ ነበር። የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ ከሞተች ገና አሥር ቀኗ ነው፤ እሱም ዙፋኗን ለመውረስ ድንጋጌው በወጣ በሁለተኛው ቀን ወደ ለንደን ተነሣ። የጎረቤት አገር ዘውድ ሊጭን ሲሄድ ደጁን አጽድቶ መሄድ ፈልጎ ይሆናል።

ስለ ስኮትላንድ የቤተሰብ ስሞች መነሻና ስደት ለመናገር ከስቱዋርት ወይም ከካምቤል መጀመር ይቻል ነበር። ማክግሬጎርን የመረጥሁት በሌሎቹ ስሞች ታሪክ ውስጥ ተሸፍኖ የሚያልፈውን ነገር ይህኛው አደባባይ ስለሚያወጣው ነው። ብዙ ሰው የቤተሰብ ስምን እንደ ደም ያየዋል፤ ከአባት ወደ ልጅ ሳይቋረጥ የሚወርድ ይመስለዋል። የዚህን ዘር ታሪክ የተከታተለ ሰው ግን ስም በሕግ ሲነጠቅ፣ በፍርሃት ሲጣል፣ ለጥቅም ሲነሣ፣ በባሪያ ላይ ሲጫን ያያል። ሰውና ስሙም ሁልጊዜ አብረው አይሰደዱም። ሰውየው ስሙን ጥሎ ባሕር የሚሻገርበት ጊዜ አለ፤ ስሙም ከማያውቀው ሰው ጋር መርከብ የሚሳፈርበት ጊዜ አለ። በዚህ ንግግር የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላስታውስ።

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የአባታችንን ስም እንይዛለን፣ ልጃችን የእኛን ይይዛል፣ ቅድመ አያቱን የሚጠራ ወረቀት የለውም። የስኮትላንድ ደገኞችም ለብዙ ዘመን ከዚህ ብዙ አይርቁም ነበር። በጌሊክ ቋንቋቸው «ማክ» ልጅ ማለት ነው፤ የዶናልድ ልጅ ማክዶናልድ ይባላል። በቆላው፣ ከተሞቹና ፍርድ ቤቶቹ ባሉበት በኩል፣ የቤተሰብ ስም ቀደም ብሎ ረጋ። በደጋው ግን እስከ 17ኛውና 18ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በየትውልዱ የሚለወጥ የአባት ስም ብዙ ነበር። ሰው በመንደሩ የሚታወቀው በአባቱና በአያቱ፣ በፀጉሩ ቀለም ወይም በሚያርሰው ቦታ ነው። የጎሳው ስም የሚወጣው ከባዕድ ጋር ሲገናኙ ነበር፦ ሲዋጉ፣ ሲከሰሱ፣ ውል ሲፈርሙ።

ይህም የጎሳ ስም ከዘር ይልቅ ለታማኝነት የቀረበ ነው። ደካማ ገበሬ በኃይለኛ አለቃ ጥላ ሥር ሲገባ የአለቃውን ስም ይይዝ ነበር። አለቃውም ጦር የሚያሰልፍለት ሰው ስለሚፈልግ አይጠላም። ከፍሬዘር ጎሳ በኩል የሚነገር አንድ ወሬ አለ፦ ስማቸውን ለመያዝ ለተስማማ ሰው አንድ ጆንያ የአጃ ዱቄት ይሰጡት ስለነበር፣ እንዲህ ያሉት ሰዎች «የዱቄት ፍሬዘሮች» ተባሉ ይላል። ዛሬ ኤድንብራ ሮያል ማይል በሚባለው ጎዳና ላይ ያሉ ሱቆች የመጣውን ቱሪስት ስሙን ጠይቀው የጎሳውን ጥብቆ፣ የጎሳውን ማኅተም፣ የጎሳውን የቁልፍ መያዣ ይሸጡለታል። ስለ ዱቄቱ የሚነግረው ግን የለም። ገበያ ከታሪክ ይልቅ ደፋር ነው።

ግሬጎር የሚለው ስም ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ ጎርጎርዮስ ነው። ከምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን አባቶች ተነሥቶ፣ በሮም ሊቃነ ጳጳሳት በኩል አውሮፓን አዳርሶ፣ እስከ ስኮትላንድ ገደላገደል ዘለቀ። ጎሳው ግን በቅዱስ ስም ብቻ አልረካም። በ9ኛው ክፍለ ዘመን የነገሠው የኬኔት ማክአልፒን ዘር ነን ይላል፤ መፈክሩም ነገዳችን ንጉሣዊ ነው የሚል ነው። ይህን የሚያረጋግጥ የዘመኑ ሰነድ የለም። የዘር ሐረግን ጎትቶ ከንጉሥ ጋር ማያያዝ በብዙ አገር ያለ ነው፤ በእኛም ቤት አይጠፋ። ታሪክ ጸሐፊዎች በእርግጠኝነት የሚይዙት በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረውን፣ በትውፊት «ባለ ወርቅ ልጓሙ» የሚባለውን ግሬጎርን፣ ከሱም ቀጥሎ በ1390 የሞተውን ልጁን «አንድ ዓይናው» ኢያንን ነው። አገራቸው ምዕራባዊው ደጋ ነበር፦ የሎክ ኦ ሐይቅ ራስጌ፣ ግሌንኦርኪ፣ ግሌንስትሬ፣ ወደ ምሥራቅ ደግሞ ግሌን ላየን። ጠባብ ሸለቆዎች፣ ዝናብ የማያጣቸው፣ ከእህል ይልቅ ለከብት የሚመቹ።

መከራቸው የጀመረው ከወረቀት ነው። ማክግሬጎሮች መሬቱን የያዙት አባቶቻቸው ስለያዙት፣ በሰይፍም ስላስከበሩት ነበር። ካምቤሎች ግን ሌላ ዓይነት ሰዎች ናቸው። ከንጉሥ ሮበርት ብሩስ ዘመን ጀምሮ ዘውዱን ደገፉ፤ ዘውዱም በብራና ላይ በማኅተም መሬት ሰጣቸው። ሸለቆውን ማክግሬጎር ያርሰዋል፣ ብራናው ካምቤል ሣጥን ውስጥ ነው። ለሁለት መቶ ዓመት ያህል አንዱ የሌላው ጭሰኛ እየሆነ፣ እየተጋባ፣ እየተገዳደለ ኖረ። የባለ ርስት ኩራትና የባለ ሰነድ መብት ሲጋጩ ማን እንደሚያሸንፍ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ላለ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም።

በ1570 የግሌንስትሬው አለቃ ግሬጎር ሮይ በግሌንኦርኪው ጌታ በኮሊን ካምቤል ትእዛዝ አንገቱ ተቀላ። ሚስቱ ማሪዮን ራሷ የካምቤል ልጅ ነበረች። ባሏን የገደሉባት የገዛ ዘመዶቿ ናቸው። ለእሱ አወረደችው የሚባለው ሙሾ እስከ ዛሬ በጌሊክ ይዘፈናል፤ ሕፃን ልጇን እያስተኛች ባሏን የምታለቅስበት ዜማ ነው። ስለዚህ ዘመን ከተጻፉት የፍርድ ቤት መዝገቦች ሁሉ ይልቅ ዘመኑን ያቆየው ያ ሙሾ ይመስለኛል።

መሬት ያጣ ሰው ሽፍታ ሆነ፤ ሽፍታውም በዘረፋ ይኖር ጀመር። በሎክ ሎመንድ አካባቢ ካሉት ከኮሁን ጎሳ ጋር የተነሣው ጠብ ጉዳዩን ወደ ፍጻሜው ወሰደው። ሕዝቡ የሚተርከው እንዲህ ነው፦ ሁለት የማክግሬጎር ሰዎች በብርድ ሌሊት ማደሪያ ቢለምኑ ተከለከሉ፤ ከሜዳ በግ አርደው በሉ፤ ኮሁኖች ያዟቸውና ሰቀሏቸው። እውነትም ይሁን ተረት፣ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1603 በግሌን ፍሩን ሸለቆ ሁለቱ ወገኖች ተጋጠሙ። በቁጥር የሚያንሱት ማክግሬጎሮች ኮሁኖችን በገደል መካከል አስገብተው ከመቶ በላይ ሰው ገደሉባቸው። ድሉ የማክግሬጎሮች ሆነ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ስማቸው ተከለከለ።

አለቃቸው አላስተር ለአርጋይሉ ባላባት እጁን ሲሰጥ ከስኮትላንድ ምድር በሰላም አውጥቼ እንግሊዝ አደርስሃለሁ የሚል ቃል ተገብቶለት ነበር። ባላባቱ ቃሉን «ጠበቀ»። አላስተርን በበርዊክ በኩል ድንበር አሻገረው፣ የእንግሊዝን አፈር አስረገጠው፣ ከዚያ አዙሮ ወደ ኤድንብራ መለሰው። ጃንዋሪ 20 ቀን 1604 ከጭፍሮቹ ጋር ተሰቀለ፤ አለቃ ነውና ገመዱ ከሌሎቹ በቁመቱ ልክ ከፍ ተደርጎ ታሰረለት። የሕግ ቋንቋ እንዲህ ሲጣመም ማየት የሚወድ ሰው ካለ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኝም።

ከዚህ በኋላ ስሙን ማደን ተጀመረ። ማክግሬጎሮች ሥጋ ከሚቆርጡበት ጫፍ የሌለው ቢላ በስተቀር መሣሪያ እንዳይዙ፣ ከአራት በላይ ሆነው እንዳይሰበሰቡ ተደነገገ። የጎሳውን ሰው ገድሎ ራሱን ያመጣ የጎሳው ሰው ምሕረት እንዲያገኝም ተፈቀደ። በ1633 ፓርላማው አንድ እርምጃ ጨመረ፦ ማንም ቄስ ወንድ ልጅን ግሬጎር ብሎ እንዳያጠምቅ፣ ማንም ጸሐፊ በዚህ ስም ውል እንዳይጽፍ። ሰው በዚህ ስም መወለድም መነገድም አልቻለም ማለት ነው። ጫካ ለጫካ የቀሩትን ሕዝቡ «የጉም ልጆች» አላቸው።

የቀረው ብዙኃን ምን አደረገ? ስም ለወጠ። አንዱ ድራሞንድ ሆነ፣ አንዱ መሪ፣ አንዱ ግራሃም፣ አንዱ ስቱዋርት፣ አንዱ ግራንት፣ አንዱ ብላክ፣ አንዱ ዋይት። ከጎሳው ስም ብዙም መራቅ ያልፈለገ ደግሞ ግሬጎሪ፣ ግሪር ወይም ግሬግ ተባለ። ምርጫው በዘፈቀደ አልነበረም። በማን መሬት ላይ ትኖራለህ፣ ማን ዋስ ይሆንሃል የሚለው ይወስነዋል። ስለዚህ ብዙዎቹ የገዛ ጠላታቸውን ስም ያዙ፤ ካምቤል ተባሉ። እኔ ከታሪኩ ሁሉ ይበልጥ የሚከብደኝ ይህ ነው፤ አባቱን የገደለበትን ሰው ስም ይዞ ልጁን ክርስትና የሚያስነሣ አባት።

በ1661 ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ጎሳው በእርስ በርሱ ጦርነት ለዘውዱ ስለተዋጋ እገዳውን አነሣ። በ1693፣ በንጉሥ ዊልያም ዘመን፣ እገዳው ተመለሰ። የታወቀው ሮብ ሮይ የዚህ ዘመን ሰው ነው። በ1671 ተወለደ፤ እናቱ ማርጋሬት ካምቤል ትባላለች፤ ስሙ ዳግም ሲታገድ እሱም የእናቱን ስም ይዞ ካምቤል ብሎ ይፈርም ነበር። በመጀመሪያ የከብት ነጋዴ ነበር፤ ኪሳራ ውስጥ ሲገባና አበዳሪው የሞንትሮዝ መስፍን ቤት ንብረቱን ሲወስድበት ሸፈተ። ዋልተር ስኮት በ1817 ባሳተመው ልብ ወለድ ዓለም ሁሉ ያወቀው ጀግና አደረገው፤ እኔ ግን ሰውየው በሁለት ስም የሚኖር፣ ሒሳብ አዋቂ ነጋዴ ሆኖ ይታየኛል። በ1717 መንግሥት ለአመፀኞች ሁሉ ምሕረት ሲያውጅ «ማክግሬጎር የተባለ ሁሉ» ከምሕረቱ ውጭ ነው አለ። በሕግ የሌለ ስም በሕግ ተጠርቶ ተቀጣ። ሮብ ሮይ በ1734 ሞቶ ባልዊደር ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀብሯል፤ በኋላ ዘመን መቃብሩ ላይ የተቀመጠው ጽሑፍ እነሱ ባይወዱም ማክግሬጎር ነው የሚል ነው።

ሌላ ስም ይዞ መማር፣ መሾም፣ መክበር ደግሞ ይቻል ነበር። ከማክግሬጎር እንወለዳለን ይሉ ከነበሩት ከአበርዲኑ የግሬጎሪ ቤተሰብ የወጣው ጀምስ ግሬጎሪ በ1663 በመስተዋት የሚሠራውን ቴሌስኮፕ ንድፍ በመጽሐፍ አሳተመ። ያ ቤተሰብ በተከታታይ ትውልድ የሒሳብና የሕክምና ፕሮፌሰሮችን አፍርቷል።

እገዳው ለመጨረሻ ጊዜ የተሻረው በ1774 ነው። ከ1603 ሲቆጠር 171 ዓመት፤ ስሙ ነፃ የነበረባቸው 32 ዓመታት ሲቀነሱ 139 ዓመት። ይህ ማለት አምስት ትውልድ ያህል ነው። በዚያን ጊዜ 826 የጎሳው ሰዎች ፈርመው አለቃችን ነው ያሉት ሰው ራሱ ስሙ ጆን መሪ ነበር። በሕንድ በምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ጦር መኮንን ሆኖ ያገለገለ ሰው ነው። በኋላ ማክግሬጎር መሪ ተባለ። ልጁ ኢቫን በ1822 ማክግሬጎርን የመጨረሻ ስሙ አደረገ፤ በዚያው ዓመት ንጉሥ ጆርጅ 4ኛ ኤድንብራን ሲጎበኝ የስኮትላንድን ዘውድ አጅበው የተሰለፉት ማክግሬጎሮች ነበሩ። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት እንደ አውሬ የታደኑት የዘውድ ጠባቂ ሆኑ። የጎሳውም ማኅበር የተመሠረተው በ1822 ነው።

ታዲያ ሁሉም ተመለሰ? አልተመለሰም። ድራሞንድ ተብሎ ተወልዶ፣ ድራሞንድ ተብሎ አግብቶ፣ ድራሞንድ ተብሎ መሬት የተከራየ ሰው አዋጅ ስለተነሣለት ብቻ ስሙን አይቀይርም። አንዳንዱ የአያቱን ስም ረስቶታል። አንዳንዱም ባሕር ተሻግሯል፤ አዋጁም አልደረሰው።

ወደ ስደቱ ልግባ። የመጀመሪያው በር አየርላንድ ነው። ከ1609 ጀምሮ የእንግሊዝ ዘውድ አልስተርን በስኮትላንድና በእንግሊዝ ሰፋሪዎች ሲሞላ፣ እገዳው ገና ትኩስ ነበር። ዛሬ በሰሜን አየርላንድ ግሪር የሚባሉ ብዙ ቤተሰቦች መነሻቸውን ከዚህ ያያይዛሉ። ሁለተኛው በር ጦርነት ነው። በ1651 የእንግሊዙ ጦር አዛዥ ክሮምዌል ዉስተር ላይ ስኮቶችን ድል ሲያደርግ ምርኮኞች በመርከብ ተጭነው በቅኝ ግዛቶቹ እንዲሠሩ ተላኩ። ከነሱ አንዱ የሆነው አሌክሳንደር ማግሩደር ሜሪላንድ ደርሶ፣ ግዴታውን ፈጽሞ፣ ትንባሆ አምራችና ባለ መሬት ሆነ። በ1909 የአሜሪካን የግሬጎር ጎሳ ማኅበር ሲያቋቁሙ ግንባር ቀደም የሆኑት የማግሩደር ልጆች ናቸው። በስደት ያለ ሰው አገር ቤት ካለው ይልቅ ለጎሳው ይቃጠላል፤ ይህን ዋሽንግተንና ሜሪላንድ አካባቢ የሚኖሩ ወገኖቻችን ከማንም በላይ ያውቁታል።

ሦስተኛው መንገድ ንግድ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከአበርዲንሻየር ጠረፍ የተነሣ አሌክሳንደር ግሬግ የተባለ ነጋዴ ኖርዌይ በርገን ሰፍሮ ስሙን ለኖርዌያውያን ምላስ እንዲመች ግሪግ ብሎ ጻፈው። አቀናባሪው ኤድቫርድ ግሪግ የልጅ ልጁ ልጅ ነው። ግሬግ የሚለውን ስም ማክግሬጎሮች ከቅርንጫፎቻቸው አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል። እኔ እዚህ ላይ እጠነቀቃለሁ። ግሬግ በቆላው ስኮትላንድም የጎርጎርዮስ ቁልምጫ ሆኖ ለብቻው የኖረ ስም ነውና፣ የስም መመሳሰል ለዝምድና ማስረጃ አይሆንም። ማኅበራቱ ግን ስመ ጥር ሰው ሲያገኙ ጥያቄ አያበዙም።

አራተኛው ካናዳ ነው። በ1773 «ሄክተር» የተባለችው መርከብ ሁለት መቶ ያህል ደገኞችን ኖቫ ስኮሺያ ፒክቱ አደረሰች፤ እገዳው የተሻረው በማግሥቱ ዓመት ነው። እዚያው ፒክቱ በ1786 በጌሊክ የሚሰብክ ቄስ መጣላቸው፤ ጀምስ ድራሞንድ ማክግሬጎር ይባላል። የእገዳው ዘመን ስምና የነፃነቱ ዘመን ስም ጎን ለጎን የተቀመጡበት ሰው ነው። ይህ ቄስ በ1788 ባሪያ የያዘን የገዛ ባልደረባውን ቄስ በጽሑፍ አጋለጠ፤ ከደመወዙም ከፍሎ በባርነት የተያዘች ሴት ነፃ አወጣ።

በዚያው በ1786 ደግሞ ሌላ ማክግሬጎር ተወለደ፤ የዚህ ሰው ነገር ግን ያሳዝናል። ስሙ ግሬጎር ማክግሬጎር ነው፣ ሁለት ጊዜ ግሬጎር። ሕጉ ከተሻረ በኋላ ስሙን ያለ ፍርሃት ከያዙት የመጀመሪያው ትውልድ ነው። በ1812 ቬኔዝዌላ ሄዶ በነፃነት ጦርነቱ ተዋጋ፤ የጦርነቱን መሪ የቦሊቫርን ዘመድ አገባ፤ ጄኔራል ሆነ። በ1820 በመካከለኛው አሜሪካ የሞስኪቶ ጠረፍ ንጉሥ 8 ሚሊዮን ኤከር መሬት ፈረመለት። ሰውየው ወደ ለንደን ተመልሶ «ፖያይስ» የምትባል አገር ገዢ ነኝ አለ። አገሪቱ ግን የለችም። ዋና ከተማ አላት ብሎ አስወራ፤ የአገሪቱን ውበትና ሀብት የሚያወድስ መጽሐፍ ታተመ፤ በ200,000 ፓውንድ ብድር የቦንድ ሽያጭ ከፈተ፤ የፖያይስ ገንዘብ ስኮትላንድ ውስጥ አሳትሞ የድሆችን ፓውንድ በዚያ መነዘረ።

በሴፕቴምበር 1822 አንድ መርከብ ከለንደን፣ በ1823 መጀመሪያ ሁለተኛው ከሊዝ ወደብ ተነሡ። በሁለቱ የተሳፈሩት 250 ገደማ ናቸው፤ ብዙዎቹ ስኮቶች፤ ገበሬዎች፣ የእጅ ባለሙያዎች፣ የባንክ ሥራ ተስፋ የተሰጠው ጸሐፊ፣ የፖያይስ ልዕልት ጫማ ሠሪ እሆናለሁ ብሎ ሱቁን የዘጋ ጫማ ሰፊ። ሲደርሱ ያገኙት ጫካና ረግረግ ነበር። ወባና ቢጫ ወባ ጨረሳቸው፤ 180 ያህሉ ሞቱ። ለምን አመኑት? ለእኔ መልሱ በከፊል ስሙ ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን ስኮት ዘንድ ማክግሬጎር ማለት ተበድሎ ያልተንበረከከ ማለት ሆኖ ነበር፤ የሮብ ሮይ ልብ ወለድ የወጣው ከአምስት ዓመት በፊት ነው። የተሰደደው ስም ሰው ለማሰደድ ዋለ። እሱስ? ፈረንሳይ ውስጥ ተከስሶ በነፃ ተለቀቀ፣ በመጨረሻ ቬኔዝዌላ ተመለሰ፣ ጡረታ ተሰጠው፣ በ1845 ካራካስ ሞቶ በወታደራዊ ክብር ተቀበረ።

አሁን ማኅበራቱ በዝግታ ወደሚናገሩት ምዕራፍ ልምጣ። ከላይ ያነሣሁት ኢቫን ማክግሬጎር፣ «መሪ» በሚለው ስም የተወለደው አለቃ፣ በ1836 የባርቤዶስና የአካባቢው ደሴቶች ገዥ ሆኖ ተሾመ። ባርነት በሕግ ከቀረ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ነፃ የወጡት ግን «ተለማማጅ» በሚል ስም እስከ 1838 ድረስ ለቀድሞ ጌቶቻቸው በግድ ይሠሩ ነበር። በካሪቢያን ስኮትላንዳውያን የስኳር እርሻ ባለቤቶች፣ የእርሻ ኃላፊዎችና ሐኪሞች ብዙ ነበሩ። ከአፍሪካ ተጭኖ የመጣው ሰው የገዛ ስሙን ተነጥቋል። በምትኩ የጌታውን፣ የእርሻ አዛዡን፣ አንዳንዴም ሳይወድ የአባቱ የሆነውን ነጭ ስም ይዞ ቀረ። ጃማይካ ውስጥ ካምቤልና ጎርደን፣ ግራንትና ማክግሬጎር እንዲህ በዙ።

ይህን ስታስቡ ወደ ኤፕሪል 1603 ተመለሱ። የአንድ አገር መንግሥት አንድን ሕዝብ ስምህን ጣል አለው። ሁለት መቶ ዓመት ሳይሞላ የዚያው አገር ሰዎች ስሙን ከተነጠቀ ሕዝብ ላይ የእነሱን ስም ጫኑ። የማክግሬጎሮችን በደል እያነሣ ስለ ሁለተኛው በደል ዝም የሚል የጎሳ ታሪክ ግማሽ ታሪክ ነው።

ስሙ በዚህ መንገድ ወደ እኛም ተጠግቷል። የሬጌው ዘፋኝ ፍሬዲ ማክግሬጎር በ1956 ጃማይካ ክላረንደን የተወለደ፣ አሥራ ሁለቱ የእስራኤል ነገድ የሚባለው የራስተፈሪያን ማኅበር አባል ነው፤ የዚያ ማኅበር ሰዎች ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰጡት የሻሸመኔ መሬት ላይ ከሰፈሩት መካከል ናቸው። በ1971 ፐርዝ ተወልዶ ክሪፍ ያደገው ተዋናይ ዩዋን ማክግሬጎር ደግሞ በ2007 ከስኮትላንድ ሰሜን ጫፍ ተነሥቶ እስከ ኬፕ ታውን በሞተር ብስክሌት ሲጓዝ ኢትዮጵያን አቋርጧል። ክሪፍ ከጎሳው የጥንት አገር ብዙ አይርቅም። ሁለቱ ሰዎች አንድ ስም ይዘዋል። አንዱ ስሙን ያገኘው ከእገዳ ባመለጠ ሕዝብ በኩል ነው፤ ሌላው ደግሞ ከባርነት ባመለጠ ሕዝብ በኩል።

በቅርብ ዓመታት የጎሳው ተመራማሪዎች በዘረ መል ምርመራ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚወርደውን ክሮሞሶም አነጻጽረዋል። ውጤቱ እስካሁን ያልሁትን የሚደግፍ ነው። ማክግሬጎር ከሚባሉት ብዙዎቹ ከአንድ ዓይናው ኢያን መስመር ይመዘዛሉ፤ ብዙዎች ደግሞ ምንም አይገናኙም። በተቃራኒው ፍጹም ሌላ ስም የያዙ ሰዎች ከአለቆቹ ሐረግ ሆነው ተገኝተዋል። ሕጉ ስሙን ከሰው ላይ ነጠቀ እንጂ ሰውየውን አላጠፋውም፤ ስሙም ነፃ ሲወጣ የተመለሰው ለቀድሞ ባለቤቶቹ ብቻ አልነበረም። እኔ ከሁለቱ ማንን ማክግሬጎር እንደምል ብትጠይቁኝ ሁለቱንም እላለሁ፤ ስሙን የያዘ ሰው የስሙን ታሪክ ይዟል።

እንዲህ ያለውን የተቆረጠ ሐረግ የሚቀጥሉ አጥኚዎች ከስም አይጀምሩም፤ ከቦታ ይጀምራሉ። በስኮትላንድ የመንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ የተጀመረው በ1855 ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። በእነዚህ መዝገቦች ላይ አንዳንድ ቄስ ሕጉን ፈርቶ፣ እውነቱንም ላለመቅበር፣ ሁለቱንም ስም ጽፏል፦ ድራሞንድ፣ በሌላ ስሙ ማክግሬጎር። ያቺ ትንሽ ጭማሪ የተጻፈችለት ቤተሰብ ዛሬ ሐረጉን ያገኛል፤ ያልተጻፈችለት እዚያው ላይ ይቆማል።

ይህ እኛን የሚነካን አሁን ነው። አሜሪካ፣ አውሮፓ፣ እስራኤል የገባ ወገናችን ቅጽ ሲሞላ የአባቱ ወይም የአያቱ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይረጋል፤ የአንድ እናት ልጆች በተለያየ ጊዜ ሲገቡ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይዞ ሁለት ቤተሰብ መስለው ይቀራሉ። የልጅ ልጆቻቸው ያንን ስም ይዘው ፍለጋ ሲወጡ የሚያገኙት ምንድን ነው? ስለዚህ በውጭ ያላችሁም፣ ልጅ የሸኛችሁም፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የአራት ወይም የአምስት ትውልድ ስም ከነእናቶቹ፣ የትውልድ መንደሩን፣ ወረዳውን፣ ደብሩን ወይም መስጊዱን በደብተር ጻፉ፤ ቅጹ ላይ የተሞላው ስም የማን እንደሆነም ከጎኑ አስቀምጡ። አዛውንቶቹ በሕይወት ሳሉ ጀምሩት።